ኮንትሮል ኤስ የለመደ እጅ

ሰኞ
ዛሬም ከቪአይ መውጣት አቃተኝ! መጻፊያ ፕሮግራም ተብዬው ማውዝ አያውቅ፣ ሜኑ የለው፤ ጥቁር ስክሪን ብቻ። ለመጻፍ አንድ ፊደል፣ ለማጥፋት ሌላ፣ ለመውጣት ሌላ። ስንት ዓመት በጸሐፊነት የሠራሁ ሴት፣ ኪቦርድ ፈርቼ ቁጭ አልኩ።
የቢሯችንን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ይይዝ የነበረው ማርቆስ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ቦታው የእኔ ነው ተብሏል፤ ከቻልኩ። ኃላፊያችን አቶ ግርማ "ዓርብ እፈትንሻለሁ። ካልሆነ ውልሽ አይታደስም" አሉኝ።

ማክሰኞ
አማቴ ከካምባ ደወሉ። ሥራው ከቀረ ቅዳሜ መጥተው ልጄን ምሕረትን ሊወስዷት ነው። "የልጄ ልጅ ናት፤ እኛ ጋ ቆጮ አይጠፋም" አሉ። ባሌን ቀብሬ ልጄንም ልስጥ?
ቢሮ ደግሞ ስክሪኑ ደረቀ። ብነካካ ምንም። ሰርቨሩን የገደልኩት መስሎኝ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ አበራሁት።

ረቡዕ
እንደገና ደረቀ። አቶ ግርማ አይተው "አልፈጠረብሽም መሰለኝ" ብለው አለፉ።

ሐሙስ
ማርቆስ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ፣ ይሄ ባለጌ! "ኮንትሮል ኤስ እየነካሽ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። በአርባ ምንጭ መብራት የሠራ ጸሐፊ ሁሉ ድርግም ሲል እጁ ቀድሞ ኮንትሮል ኤስን ተጭኖ ጽሑፉን ሴቭ ያደርጋል፤ ስንት ደብዳቤ በልቶብናል! እዚህ ጥቁር ስክሪን ላይ ግን ያው ቁልፍ ሴቭ አያደርግም፣ ስክሪኑን ያስረዋል። መፍቻው ኮንትሮል ኪው።
ከዚያ ስለማመድ ዋልኩ። ዲ ሁለቴ ሲመታ መስመር ያጠፋል። ዩ የጠፋውን ይመልሳል።

ዓርብ
አቶ ግርማ ከኋላዬ ቆሙ። ለፈተና የሚስተካከለውን መስመር ገና እንዳገኘሁ መብራት ሄደ፣ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ ዩፒኤሱ ጮኸ፣ እጄም ወደ ኮንትሮል ኤስ ሄደ። ይቺ የተረገመች እጅ! ስክሪኑ ቀጥ። ደንግጬ ዲን ደጋግሜ መታሁት። ኮንትሮል ኪው ስጫን የመታሁት ሁሉ ተጠራቅሞ ኖሮ መስመሮቹን ጠራረጋቸው።
"ኧረ ምን አደረግሽ!" አሉ አቶ ግርማ።
ዩ። ዩ። ዩ። መስመሮቹ ተመለሱ። ቀሪውን አስተካክዬ ጨረስኩ። "ሰኞ ይነገርሻል" ብለው ወጡ፤ ፊታቸው አይነበብም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ
አማቴ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ለምሕረት ልብስ ብለው ባዶ ሻንጣ ይዘዋል። ልጄ ቀሚሴን ጨብጣ ከኋላዬ ተደበቀች።
"ሥራውስ?" አሉኝ።
"ጸደቀልኝ" አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።
እልል አሉ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጌታን አመሰገኑ። እኔም አሜን አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ!
ልሸኛቸው መናኸሪያ ስንደርስ ባዶውን ሻንጣ ለእኔ ሰጡኝ። "ለልጅቷ ልብስ ማስቀመጫ ይሁናት" አሉ። ተሸክሜው ተመለስኩና አልጋ ሥር ከተትኩት። ምሕረት ከጎረቤት ልጆች ጋር ትስቃለች። እኔ ሰኞን ፈርቻለሁ።