ለጫፉ የሚሆን ሌንስ

ማክሰኞ

ቆርቆሮው ጎበጠ። የጎረቤቴን የቆርቆሮ አጥር ከቅርብ ሆኖ ሰፊ ቦታ በሚያስገባው ባለ አሥራ ስድስት ሚሊ ዋይድ ሌንሴ አነሳሁት። መሐል ያሉት መስመሮች ቀጥ ብለዋል፤ ወደ ዳር ያሉት ግን እንደ በርሜል ሆድ ተነፍተዋል። ይሄስ በኮምፒውተር ይቃናል። የማይቃናው ሌላው ነው፤ ጥግ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ፊደሉ ሟሟ። «የሚከራይ» የሚለው አይነበብም። የሌንሱን ቀዳዳ ባጠብበውም ብዙ አልተሻለውም። ቆርቆሮ ሳነሳ ያየኝ ሁሉ ምን ነካት ብሎ አልፏል።

እሑድ አባባ ደጃፍ ላይ ሃያ ሦስት ሰው በአንድ ፎቶ ማስገባት አለብኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የጠፋው አይመለስም ብሏል። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ሁላችሁንም በአንድ ወረቀት ላይ ልያችሁ» አሉኝ። ከልጆቻቸው ፎቶ ቤት ያለኝ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሜዳ ላይ ይሁን ብላቸው እምቢ። ከቤቴ ደጃፍ ነው ያሉት። ደጃፉ ጠባብ፣ ከፊቱ የቀርቀሃ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ቁልቁለት። ወደ ኋላ የምሸሽበት አምስት እርምጃ የለኝም። ያለ ዋይድ ሌንስ አይሆንም።

ረቡዕ

ጋሼ አያሌውና ሙሉቀን፣ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ፣ በዲከረንስ ዛፍ ድንበር ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ለከሰል የተቆረጠው ዛፍ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ገባ፤ ሦስቴም ተበላ፣ ተጠጣ፣ ምንም።

ዛሬ ለሁለቱም ደወልኩ።

ጋሼ፦ «ለአባባ ስል እመጣለሁ። ከዚያ ሰውየ ጎን ግን አልቆምም፤ ግራ ጫፍ አድርጊኝ።»

ሙሉቀን፦ «እሱ ግራ ከሁነ እኔ ቀኝ።»

ይመጣሉ! ብቻዬን ቤት ውስጥ ዘለልኩ። ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ነው የገባኝ፤ ሁለቱም የሚቆሙት ፊደሉ የሟሟበት ቦታ ላይ ነው።

ሐሙስ

ዳንግላ ሄጄ መጣሁ። ሠርግ የሚያነሳው ጓደኛዬ ፈንታሁን ባለ አሥራ አራት ሚሊ ሌንስ አለው፤ እስከ ሰኞ አዋሰኝ። «ጫፉ እንደ ምላጭ ጥርት ያለ ነው፤ ሰው ግን ጫፍ ላይ እንዳታቆሚ» አለ። ለምን ስለው ሳቀ።

ደጁ ላይ የቆመ የጋሪ ፈረስ ዳር አስገብተን አነሳን። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ፊቱ ግን አንድ ክንድ ረዝሟል። ባለጋሪው አጎንብሶ አየና «ምነው፣ ፈረሴን አዞ አደረጋችሁት?» አለን። ስቄ ሆዴን አመመኝ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሳቁ ጠፋ፤ በፈረሱ ፈንታ ጋሼ ታየኝ።

እንግዲህ፦
የኔው ሌንስ ወንድሞቼን ያደበዝዛል።
የፈንታሁን ጥርት አድርጎ ዱባ ያደርጋቸዋል።
ሁለት ቦታ አንስቼ በኮምፒውተር ብቀጥለውስ? አባባ በአንድ ነው ያሉት። የተቀጠለ ቤተሰብ አልሰጣቸውም።

ዓርብ

መቀመጥ አቃተኝ። የግቢዬን ሰዎች ለምኜ በረድፍ አቆምኩና በሁለቱም ሌንስ አነሳሁ። እትየ ጥሩ ጫፍ ላይ ቆሙልኝ። በአንዱ ደበዘዙ፣ በሌላው ግማሽ ፊታቸው ወደ ጎን ሄደ። ሲያዩት «ይኼ ቡጉንጅ ከየት መጣብኝ?» አሉ። ሁለቱንም በትልቁ አተምኩ። ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፤ አልወሰንኩም። አባባ ራሳቸው ይምረጡ።

ቅዳሜ

ቆሰበር ገበያ ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ በባጃጅ አባባ ዘንድ። ፎቶዎቹን ተቀብለው አፍንጫቸው ጋ አስጠጉ።

«የቱ ይሻላል አባባ?»

«ሁለቱም ያው ናቸው።»

ተናደድኩ። ስንት ቀን ስባዝን ከርሜ! «እትየ ጥሩን አላዩአቸውም እንዴ?» አልኩ።

«ጥሩ አለችበት?» ወረቀቱን ቀስ እያደረጉ ወደ ጎን ገፉት፣ ገፉት፣ የእትየ ጥሩ ፊት ከአፍንጫቸው ትይዩ እስኪደርስ። «አሃ! ይችውና።»

ወረቀቱን ሳይለቁ ቀጠሉ። «እኔ እኮ ልጄ የማየው ፊት ለፊቴን ነው። በበር ቀዳዳ እንደማየት። ግራ ቀኙ ከጠፋ ቆየ።»

እኔ ሁሉም ነገር እኩል የሚደበዝዝባቸው ይመስለኝ ነበር። ጠይቄ አላውቅም። ስመጣ ሁልጊዜ ከጎናቸው ነው የምቀመጠው። ለካ ሳያዩኝ ነው ስናወራ የኖርነው። አለቀስኩ፤ እሱንም አላዩም።

አራት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

እሑድ

ሁሉም መጡ። ጋሼ በፈረስ፣ ሙሉቀን በእግሩ። ሳልነግራቸው ግራና ቀኝ ጫፋቸውን ያዙ። ካሜራውን ትቼ መጀመሪያ ጋሼ ጋ ሄድኩ፣ ቀጥዬ ሙሉቀን ጋ። የተናገርኩት አንድ ዓይነት ነው፦ «እዚህ ከቆምክ አባባ አያዩህም። ዓይናቸው መሐሉን ብቻ ነው የሚያየው።»

አያውቁም ነበር። እንደኔው።

ሙሉቀን ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። ጋሼ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ጋቢውን አስተካክሎ መጣ። ከአባባ ወንበር ጀርባ ቆሙ፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር። ሌላውን ሕዝብ በሦስት ረድፍ ወደ መሐል አጠጋጋሁት፤ ልጆቹን መሬት አስቀመጥኩ። የኔው አሮጌ ሌንስ በቃው። ጫፍ ላይ የቀሩት የጎተራው ጥግና አንዲት ዶሮ ናቸው፤ እነሱ ይሟሙ።

ካሜራው ራሱ እንዲያነሳ አድርጌ እኔም ገባሁ፤ ከዚያ ለአባባ በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳየኋቸው። ሁላችንም በዚያች በር ቀዳዳቸው ገባን። «አያሌው» አሉ። ቆይተው «ሙሉቀን።» ሌላ ስም አልጠሩም።

ምሳ ተበላ። ሁለቱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ታረቁ ብዬ አልጽፍም፤ አልታረቁም። ጋሼ ሊሄድ ፈረሱ ጋ ሲደርስ ግን ሙሉቀን ተነሳ፣ ሄደና ታናሽ ለታላቁ እንደሚያደርገው እርካቡን ያዘለት። ጋሼ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ቀና ሳይል ሄደ።

ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ነበር። በንዴት ዞር ስል አባባ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣ ቀጥ ብለው።

«አዩ አባባ?»

«ፊት ለፊቴ እኮ ነው» አሉኝ።