«የማኅበር ንብረት» ስለተባለው አኮርዲዮኔ

ለተከበሩ የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪው ድርጅት የዋስትና ጉዳዮች ኃላፊ
ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ

ጉዳዩ፦ ዋስትና ስለከለከሉኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አንድም ቀን ተከፍቶ ላላየሁት የቢሮዎ በር ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አኮርዲዮኔ ግን ደህና አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ለማያውቀኝ ሰው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አኮርዲዮን እየተጫወትሁ ልጆች ያስተማርሁ፣ እሪ በከንቱ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ የእኔ ቤት ከአዲሱ መንገድ መሥመር ለጥቂት ወጥታ ተረፈች። እድራችን ግን አልፈረሰም። በየወሩ መጨረሻ እሑድ አባላቱ ከያሉበት ታክሲ እየቀያየሩ እኔ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ሌላ ግቢ የለማ። ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ከዚያ እኔ አንድ ሰዓት እጫወታለሁ፣ እነሱም አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። ልብስ ሰፊው አብዱልሰላም «የመጨረሻ አንድ» እያለ ሦስቴ ያስደግመኝና ታክሲው ያመልጠዋል። አሮጌው መሣሪያዬ ሲደክም ከሱቅዎ አዲስ የገዛሁት፣ የሁለት ዓመት ዋስትናም የተቀበልሁት ለዚህችው ሰዓት ነበር። በአምስተኛው ወር፣ ማንም ሳይጥለው፣ አየር የሚስበው ወናፍ ከመገጣጠሚያው ተላቆ ድምፁ ጠፋ።

አንደኛ፦ ማመልከቻዬን ስጽፍ የእድራችን ጸሐፊ ወይዘሮ ዘውዲ ማኅተሙን በቦርሳዋ ይዛ መጥታ ግርጌው ላይ አሳረፈችልኝ። ከቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ ባዶ ወረቀት የሚያከብር ሰው አይተን ስለማናውቅ፣ ማኅተም ክብደት ይጨምራል ብለን ነው። የእርስዎ ክፍል ግን ማኅተሙን አይቶ መሣሪያው የማኅበር ንብረት ስለሆነ ለግል ጥቅም የተሰጠው ዋስትና እንደማይመለከተው ወሰነ። አርባ ዓመት ሙሉ ከድንኳን፣ ከወንበርና ከብረት ድስት በቀር ምንም ያልነበረውን እድራችንን በአንድ ቀን የአኮርዲዮን ባለቤት ስላደረጉት አባላቱ በሙሉ ያመሰግኑዎታል።

ሁለተኛ፦ ቅሬታ ሳቀርብ፣ መሣሪያው የግሌ ስለመሆኑ አብረውኝ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ፈርመው እንዲያረጋግጡ አዘዙ። ለዚህ ትእዛዝ ልዩ ምስጋና አለኝ፤ እኔ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ይኖራል ብሎ የሚያምን ከእርስዎ በቀር አላገኘሁም። ትእዛዝ ነውና ምስክር ፈለግሁ። በስተግራ ያለው ጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ነው፣ በስተቀኝ ያለው አዲሱ አስፋልት ነው፤ ሁለቱም ፊርማ አያውቁም።

ሦስተኛ፦ ባለሙያዎ ሱቁ ውስጥ መሣሪያውን አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ አገላብጦ «ከልክ ያለፈ አገልግሎት ሰጥቷል» ሲል ጽፏል። በወር አንድ ሰዓት መሆኑን ነግሬው ነበር። ምነው ከልክ ባለፈ!

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ አራት ወር ዝም ያለ አኮርዲዮን ግን ይነቅዛል፣ ባለቤቱም አብራ። ባለፈው እሑድ ስብሰባው እንዳለቀ ሰው ሁሉ ሰዓቱን አየ። አብዱልሰላም ጥግ ላይ በነጠላ የተሸፈነውን መሣሪያ፣ የታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ይመስል፣ እንዴት እንደዋለ ጠየቀኝ፤ መልሴን ሰምቶም ኮቱን ለበሰ። ወንበሮቹን ያጣጠፍሁት ብቻዬን ነው። ያን ዕለት ዘውዲ፣ እሷም እያፈረች፣ አብዛኛው አባል ከከተማ ዳር ስለሚኖር ስብሰባው ወደዚያው ቢዛወር ስትል ሐሳብ አቅርባለች። አልፈርድባትም፤ ለግማሽ ሰዓት ብሎ ሦስት ታክሲ የሚቀያይር ማን ነው? ውሳኔው በዚህ ወር መጨረሻ እሑድ ይሰጣል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ፌዙን ላቁምና እውነቱን ልናገር፤ ከፍቶኛል። በወር ውስጥ ሰው ደጄን የሚያንኳኳው በስብሰባው ቀን ብቻ ነው። እድሩ ስሞት እንደሚቀብረኝ አውቃለሁ፣ ለዚያ አልሰጋም። እኔ የቸገረኝ እስከዚያ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አኮርዲዮኔ ከዚያ እሑድ በፊት እንዲጠገንልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በርዎ ሰው የሚገባበት፣ ቤትዎም ምስክር የሞላበት እንዲሆን እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
በውሳኔዎ መሠረት የማኅበር ንብረት ጠባቂ የሆንሁት፣
ለተሚካኤል ገብረዮሐንስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገሩን በአካል የሚያጣራ ባለሙያ መላክ ቢፈልጉ ቤቴን መሳት አይቻልም፤ ከረድፉ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሰውዬው ደጃፌን ካለፈ ግን ውስጥ ሁለት ሰው እንሆናለንና፣ መሣሪያው እንደገና የማኅበር ተብሎ ዋስትናው ሊፈርስብኝ ይችላል። ግድ የለም፣ ይፍረስ፤ እሱ ብቻ ይግባ።