ውሃ በሐመሩ ሐ

ሐሙስ፣ የካቲት 14፣ በምሳ ሰዓት

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጭራሮዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ሳልህስ ተሻለህ ወይስ ያ የሲሚንቶ መጋዘን አሁንም ሌሊቱን ሲያስልህ ያድራል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት። የላክህላትን ሹራብ ለብሳ መስኮት ስር ትውላለች፣ ላየው ላላየው ሁሉ «ልጄ ነው የላከልኝ» ትላለች። ለእሷ ሹራብ ገዝተህ አንተ በቀዳዳ ጫማ እንደምትሄድ አልነገርኳትም።

የምጽፍልህ ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውለሃል፣ አይቻለሁ። «አጣራሽልኝ?» ልትለኝ ነው። አጣርቻለሁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ደብዳቤ ደግ ነገሩ አንተ እንደ ልማድህ እየገባህ አታቋርጠኝም።

በውሃ ጥራት ምርመራ ተመርቀህ ጆንያ ስትቆጥር አራት ዓመትህ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሥራ ስትፈልግ የነበረው፣ አትቀየመኝና፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያየውን ማስታወቂያ አይተህ ከሺህ ሰው ጋር ትሰለፋለህ። ከዚያ ግን ብልህ ሆንክ። ከስልክህ ጋር ተፋጠህ ፍለጋን ራሱን እንደ ሙያ ተማርከው፤ እሑድ እሑድ እየደወልክ ለእኔም ታስተምረኝ ጀመር።

«እትዬ፣ ሰው ዝም ብሎ ክፍት የሥራ ቦታ ብሎ ይጽፍና የዓለም ኮተት ይመጣበታል» አልከኝ። «ቃላቱን በትምህርተ ጥቅስ ስታጥሪያቸው ግን ልክ እንደዚያ ሆኖ የተጻፈውን ብቻ ያመጣልሻል። የማትፈልጊው ቃል ካለ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ታደርጊበታለሽ። ከፈለግሽ በአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ውስጥ ብቻ ፈልግ ትዪዋለሽ፤ ካሻሽ ያለፈውን ሳምንት ብቻ፣ ካሻሽ ፒዲኤፍ ብቻ። መሥሪያ ቤቶች እኮ ሥራ ይደብቃሉ። እንዳይጠየቁ ያወጡታል፣ እንዳይታይ ደግሞ ይቀብሩታል።»

«ማን ይሆን እንዲህ የሚያደርገው ሰይጣን?» ብዬ ሳቅሁ። እኔ ነበርኩ።

አዎ፣ እኔ ታላቅ እህትህ። እዚህ ቅጥር ክፍል ከገባሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ዘጠኙን ዓመት ሥራ ስደብቅ ነው የኖርኩት። ደንቡ ማንኛውም ክፍት ቦታ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሰባት ቀን ይውጣ ይላል፤ ሰው ይየው ግን አይልም። አለቃችንን ለስላሳው እንለዋለን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። «ይቺን ለሰው ቃል ገብቻታለሁ፣ ጸጥ አድርገሽ አውጫት» ይለኛል። እኔም ከቅጥር ገጽ አውጥቼ የጨረታ ገጽ ውስጥ እሸጉጣታለሁ፣ ስሟን ቁጥር ብቻ አደርጋታለሁ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እሰቅለዋለሁ። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ሙያ በልብ ነው እንዲሉ ለማንም አልተናገርኩም።

አንተ ደግሞ በየእሑዱ የእኔን ቀዳዳ ታሳየኝ ነበር። «የጨረታ ገጽ ውስጥ የሚቀብሩም አሉ፣ እዚያም ፈልጊ» ስትለኝ በማግስቱ ከጨረታ ገጽ አወጣሁት። «ቀኑን ለይተሽ ፈልጊ» ስትለኝ ቀኑን እንደ አሮጌ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ሰው እንደ አንተ ቁጭ ብሎ ሲፈልግ ያጣው በአንተው ትምህርት ነው። ይህን ስታነብ ጆሮህ እንደሚቀላ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ለስላሳው ጠራኝ። ቤተ ሙከራው አንድ የውሃ ጥራት መርማሪ ይፈልጋል፣ ቦታው ለሚስቱ ወንድም ነው። በእናታችን እምልልሃለሁ፣ ያን ጊዜ አንተ ትዝ ብለኸኛል። ግን የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን መጣል አልፈለግሁም፣ ዝም አልኩ። ተቆጣጣሪዎች ማስታወቂያ በፎቶ አይውጣ ብለው ስለነበር የቀረኝ ፊደሉ ብቻ ነው። ውሃን በሃሌታው ሃ የሚጽፍ አለ፣ በብዙኃኑ ኃ የሚጽፍ አለ፤ በሐመሩ ሐ የሚጽፍ ግን አላየሁም። ስለዚህ «የውሐ ጥራት መርማሪ» ብዬ ጻፍኩና ሰቀልኩት። በዚያ ቃል የሚፈልግ ሰው አገር ቢዞር አይገኝም ብዬ ነው።

በአራተኛው ቀን ደወልክልኝ። ከደስታህ ብዛት ቃሉ አፍህ ውስጥ ይጋጭ ነበር። «እትዬ፣ በእናንተ ቤት ሥራ አለ። ተቀብሯል። ሰው ተሳስቶ ሊጽፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ዘርዝሬ አንድ በአንድ ስሞክር አገኘሁት። በምን ጀመርኩ መሰለሽ? አንደኛ ክፍል ሆኜ አንቺ በማስመሪያ በመታሽኝ በዚያው ስህተት።»

አስታወስኩት። ደብተርህ ላይ ውሐ ብለህ ጽፈህ መዳፍህ እስኪያብጥ ነበር የመታሁህ፤ እናታችን ገበያ ስለሄደች የሚያስጥልህ አልነበረም። «ማስመሪያሽ ሥራ አገኘልኝ» ብለህ ሳቅህ። እኔ ያንን ፊደል ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም። ከአንተ ደብተር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጠየቅኸኝ፤ «ማመልከቻው ላይ አስተካክዬ ውሃ ልበል ወይስ እነሱ እንዳሉት?» እኔም «እንዳለ ጻፈው፣ የመደቡ ስያሜ ከማስታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት» አልኩህ። ያኔ ከልቤ ነበር። ማመልከቻህ ይምጣ፣ በፈተና ትወድቃለህ፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር። አራት ዓመት ጆንያ የቆጠረ ሰው ምን ያስታውሳል?

አንድ ቀን ተኩል በአውቶቡስ ተጉዘህ መጣህ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኛህ፣ ሸሚዝህን ተኮስኩልህ፣ እማዬ ግንባርህን ስማ ላከችህ። ውጤቱን ያየሁት ከአንተ በፊት ነው። አንተ ዘጠና አንድ፣ የሚስትየው ወንድም ሃምሳ አራት።

ለስላሳው በሩን ዘጋና ወንበር ሳበልኝ። «የአባታችሁ ስም አንድ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወንድሜ ነው» አልኩ። «ነግረሽዋል ማለት ነዋ።» «አልነገርኩትም፣ ራሱ ፈልጎ ነው ያገኘው።» «ምስጢር ማውጣት ከሥራ እንደሚያሰናብት አንቺ ነሽ ለሌሎቹ የምታነቢላቸው። ለመሆኑ ጡረታሽ ስንት ዓመት ቀረው?» «ስምንት» አልኩ። «እንግዲያው አንቺም እንደ ወንድምሽ ፈልጊ፤ የሆነ ነገር አይጠፋም» ብሎ ሻይ አዘዘልኝ።

ሻዩን ጠጥቼ ፈለግሁ። የቅጥር መመሪያው ላይ «የሥራ መደቡን ስያሜ አሳስቶ የጻፈ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል» የሚል አንድ መስመር አለ። በዚያው ከሰዓት ድረ ገጹን ከፍቼ ውሐን ውሃ አደረግሁት። ከዚያ ማመልከቻህን አወጣሁና አንተ ውሐ ያልክበትን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። ዘጠና አንድህ እንደሌለ ተቆጠረ። የካቲት 1 የተለጠፈውን የውድቅ ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፣ «የፊደል ጥንቃቄ ይጎድለዋል» የሚለውም የእኔ ነው። ለስላሳው ሲያነበው ያቺን ዓረፍተ ነገር ወደዳት።

ለእማዬ ፈተናው ከብዶት ወደቀ አልኳት። «ድሮም ችኩል ነው፣ ልጄ» አለችና መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። እሷን የማኖራት በዚህ ደመወዝ ነው ብዬ አንተን ላባብልህ አልፈልግም፤ እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም ያደረግሁት። ፈርቼ ነው። ከሁለታችን አንዳችን መውደቅ ካለብን ደግሞ አንተ መውደቅ ለምደሃል፤ እኔ ከወደቅሁ መነሳት አላውቅበትም። ይህንን ስታስብ አለቀሰች ብለህ አትገምተኝ፣ አላለቀስኩም። የሚቀጥለው ወር ሠላሳ አምስት ይሞላሃል፣ ከዚያ በኋላ የትም መሥሪያ ቤት በጀማሪነት አይቀጥርህም። ይህንንም ሳላውቅ አይደለም።

የውድቁን ደብዳቤ ድረ ገጹ ላይ ያየህ ቀን ስልክ ላይ ድምፅህ እንደ ልጅ ሆነ። «ማስታወቂያው ራሱ እኮ በሐመሩ ሐ ነው የጻፈው፣ ያገኘሁት ቀን ያስቀመጥኩት ኮፒ አለኝ፣ የት ልሂድ እትዬ?» አልከኝ። «ኮፒውን ለማንም አታሳይ፣ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ እኔ አጣራልሃለሁ» አልኩህ። እሺ አልክ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ያጣራሁት ይኸውልህ። ቅሬታ ሰሚ ጉባኤ የሚባል አለ። ከመሥሪያ ቤታችን ውጪ ነው፣ ለስላሳው እጁ አይደርስበትም፣ ሰዎቹም ሐቀኞች ናቸው። ያንን ኮፒ ቢያዩ በአንድ ስብሰባ ቦታውን ይሰጡህ ነበር፣ እኔንም በማግስቱ ያባርሩኝ ነበር። በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ይበቃል፣ አውቶቡስ እንኳን አያስፈልገውም። ጊዜው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ አሥር የሥራ ቀን ነው። ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ፖስታ ከዚህ እስከ አንተ ዘንድ ቢፈጥን አሥራ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

አሁን ለአራተኛ ጊዜ እየደወልክ ነው። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ላነሳው እችላለሁ፣ ሁለት ቃል ነው የሚበቃህ። አቆምክ።

እውነቱን ሳልነግርህ መቅረት አልቻልኩም፣ በጊዜው ልነግርህም አልቻልኩም። ለዚህ ነው በፖስታ ያደረግሁት። የገረመኝን አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። የቅሬታው ደንብ እኮ ድረ ገጹ ላይ አለ፣ ቀኑም የሚላክበትም አድራሻ ሳይቀር። የደበቀው ሰው የለም፣ ፊደሉም ልክ ነው፣ በትምህርተ ጥቅስም ያለ ትምህርተ ጥቅስም ይመጣል። አንተ ከዓለም ሁሉ የተቀበረ ፈልገህ የምታወጣ ሰው፣ ያንን ብቻ አልፈለግህም። እትዬ አጣራለሁ ብላለች ብለህ ነው።

እግዚአብሔር የዘጋሁብህን ደጅ ይክፈትልህ። ያንን አቧራ ከደረትህ ያውጣልህ፣ ለእማዬ ያቆይህ። ፋሲካ ላይ ና፣ እንዳትቀር፤ ሰው ምን ሆናችሁ ይለናል።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ