ሳሩን ያስያዝኳት እኔ ነኝ

ሐሙስ

ጋቢናዬን ወሰደችው። የእኔን! ታሪኩ መኪና ከያዘ ጀምሮ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ፣ መዝሙር የምመርጠው እኔ፣ ሸንኮራ እየላጥኩ የማጎርሰው እኔ። ዛሬ ከሐዋሳ ስንነሳ ወንድሜ በሩን ከፍቶ "ሄለንዬ፣ ግቢ" አላት። እጮኛው ናት። እኔ ኋላ፣ ከፓስታ ካርቶንና ከሽንኩርት ጆንያ ጋር።

የምንሄደው ብላቴ ወንዝ ማዶ፣ አክስታችን ዳንጊሴ ጋ ነው፤ ሄለንን ሊያሳያት። ግን ፈርቷል። የአክስቴ ባል ሲሞት ለቅሶ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች።

ቦሪቻን እንዳለፍን "ሄለን፣ ጸጉርሽ ላይ አባጨጓሬ!" ብዬ ጮህኩ። "ለአንቺ ትሁንሽ" ብላ ሳቀች። ታሪኩም ሳቀ። በእኔ ቀልድ፣ ለእሷ!

ዓርብ

መንገዱን የሚያቋርጠው ጅረት ሞልቶ መንደር አደርን። እስኪጎድል ቁጭ።

ያናደዱኝ ነገሮች፦ ጫማዋን ያዘላት። ሁለት ጊዜ "በላሽ?" አላት፤ እኔን አንዴም። ጥርሷ ደግሞ ያምራል።

ታሪኩ ጎማ ሲያይ ጠጋ አለችኝ። "ማርትዬ፣ አክስትሽ ደጅ ስደርስ ምን ላድርግ? ባህላችሁን አላውቅም።"

"እርጥብ ሳር ቁረጪና በሁለት እጅሽ ይዘሽ ደጅ ላይ ቁሚ። እንግዳ እንደዚያ ነው የሚገባው።"

ውሸቴን ነው። እኛ ጋ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅ የሚቆመው የበደለ ሰው ነው፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። "ምን በድለሽ ነው?" ሲሏት ፊቷን ለማየት ቸኩያለሁ። ለታሪኩ እንዳትነግሪው አልኳት። ሰርፕራይዝ!

ቅዳሜ

አበላሸሁት። ለራሴ ማለቴ ነው።

ታሪኩ መኪናውን ሲያቆም ሄለን ቀድማ ሳሯን ይዛ ደጅ ቆመች። አክስቴ ወጣች። ሳሩን አየች። ሄለን አንገቷን ደፍታ "እንደምን አሉ፣ እማማ?" አለች። አክስቴ ከኋላዋ ታሪኩን አየችው።

"የእሱን ጥፋት አንቺ ተሸክመሽ መጣሽ፣ ልጄ?"

ሳሩን ተቀበለቻት። ተቀበለች ማለት ይቅር አለች ማለት ነው። ታሪኩ አክስቴ ጉልበት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ተነስቶ ሄለንን ያያት አስተያየት! እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ለሄለን ወተትና ማር ቀረበ። ለእኔ "አንቺ፣ ውሃ ቅጂ።"

እሁድ

ጠዋት አክስቴ ሄለንን "ማን አስተማረሽ?" አለቻት።

"ማርታ ናት የነገረችኝ።"

አክስቴ አገላብጣ ሳመችኝ፣ መረቀችኝ። ታሪኩ "የእኔ እህት!" ብሎ አቀፈኝ። ስፈልገው የነበረው ይኸው ነበር። ግን በውሸቴ ያገኘሁት ነው።

ስንመለስ ብላቴ ድልድይ ጋ "ሽንቴ መጣ" ብዬ አስቆምኩ። ከወንዙ ዳር ሳር ቆርጬ ጋቢናው በር ላይ ቆምኩ።

"ደሞ ምን ልትሰሪኝ ነው?" አለች ሄለን።

"ይሄኛው የእውነት ነው።" ሁሉንም ነገርኳት።

ታሪኩ ሞተሩን አጠፋ። ሄለን ሳሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"አክስትሽ ብታባርረኝስ ኖሮ?"

ሳሩን ወደ እሷ አስጠጋሁላት። እሷም እጇን ዘረጋችና ተቀበለችኝ።

ጋቢናውን ግን አልለቀቀችም። እኔም ብሆን አልለቅም ነበር።

ከኋላ ሆኜ ሸንኮራ ላጥኩ። የመጀመሪያውን ማንን እንዳጎረስኩ ግን እዚህ አልጽፍም።