ከወንዟ ጣውንት ለተፋሰስ ክትትል ኃላፊ

ለተከበሩ የተፋሰስ ክትትል መምሪያ ኃላፊ፦

ጤናዎ የጸና፣ ቢሮዎም ከጎርፍ የራቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የወንዛችንን ሙላትና ጉድለት ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት የሚከታተሉ ጣቢያዎች የት የት እንደሚተከሉ እንዲያቅድ ባለቤቴን ስለመረጡት ከልብ አመሰግናለሁ። እኔም ያገባሁት ለዕድሜ ልክ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእርስዎ ውል ይበልጣል።

አቤቱታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ጣውንት አምጥተውብኛል። እቀናለሁ፤ ምን ያሳፍረኛል? ባለቤቴ የወንዟ ቀለም ከጠዋት እስከ ማታ ሲለዋወጥ ለይቶ ያውቃል፤ ከወራት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ቤት ብቅ ሲል ግን ፀጉሬን በአጭሩ ተቆርጬ ፊት ለፊቱ ብቀመጥ፣ ጨው አቀብዪኝ አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ባልም እንደሚወስድ የነገረኝ የለም።

፪. ስልኩ ውስጥ የእርሷ ፎቶ መዓት ነው፤ ስትሞላ፣ ስትጎድል፣ ድልድይ ሥር ተንጋልላ። የእኔ አንድ አለ፤ እርሱም የመለኪያው ዘንግ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማሳየት አጠገቡ የቆምኩበት ነው።

፫. አንጀቴን ያሳረረው ግን ይኸኛው ነው። በመምሪያዎ ደንብ መሠረት ሁለት ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ወሬ የሚያመጡ ከሆነ አንደኛው ይሰረዛል፤ ለወንዝ ደግ ደንብ ነው። ባለቤቴ ግን ደንቡን ይዞ ቤታችን ገባ። ከላይኛው ተፋሰስ የሚደውለው አብረውኝ ለሚኖሩት ለእናቱ ብቻ ነው፤ ቤት እንዴት ነው ይላቸዋል፣ ደህና ነን ይሉታል፣ ይዘጋል። ያኔ ቤት ብቅ ሲል፣ ለእኔስ ለምን አትደውልም ብዬ ብጠይቀው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጣቢያ ብክነት ነው ሲል በሙሉ ልብ አስረዳኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የተሰረዝኩት እኔ ነኝ።

አማቴ ደግ ሴት ናቸው፣ አይዋሹም፤ ነገር ግን እርሳቸው ደህና ካደሩ ቤቱ ሁሉ ደህና አድሯል። ሰሞኑን ከላይ እስከ ታች ሲያስተውሉኝ ቆዩና ሚስትህ ተመችቷት ወፍራለች ብለው አሳወቁት። እርሱም ደስ ብሎት ወደ ልኬቱ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ እስከ ክረምቱ ማብቂያ እዚያው እንዲቆይ ሊፈርሙ መሆኑን ሰማሁ። እጅዎ ይባረክ እያልኩ፣ እባክዎ ሳይፈርሙ በፊት ወደ ቤቱ ይስደዱልኝ። ወንዟ እንደሆነች ጥላዎት አትሄድም፤ ብትሄድም በዚያው በምታውቁት መንገድ ነው።

ሠላሳ ዓመት አሻግሮ ለሚያየው ዓይንዎ ወደር የሌለው አክብሮት ያላት፣
ባሏን ለመንግሥት ያዋሰች ሚስት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አልወፈርኩም፤ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የምወልደውም ክረምቱ መሃል ነው። መጀመሪያ መስማት ያለበት አባትየው ነው ብዬ ለአማቴም አልተነፈስኩም። ደጋግሜ ብደውልለት፣ ውሃ ውስጥ ነኝ እያለ ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። የእርስዎን ስልክ ግን ገና ሲጠራ ያነሳልና፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።