አምስተኛው እጅ የኔ ነበር

ውድ ኃይለ መስቀል፣

ደህንነትህን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል፤ አፈሩ ይቅለልህ ብዬ ልጀምር። ይህን በሕይወት ሳለህ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። ተማሪው ወጥቶ አልቋል፣ እኔ መምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

ትናንት ስለ መንግሥት ሥርዓቶች ሳስተምር ዑምኩልሱም የምትባል ተማሪ "ቲቸር፣ ከፕሬዝዳንትና ከጠቅላይ ሚኒስትር የማን ሥልጣን ይበልጣል?" አለችኝ። ዋናው ነገር ሥልጣኑን ማን እንደሰጣቸውና ማን እንደሚነጥቃቸው ነው አልኳት። በፕሬዝዳንታዊው ሥርዓት መሪውን ሕዝቡ ይመርጠዋል፤ ምክር ቤቱ ስለጠላው ብቻ ከዘመኑ በፊት አያወርደውም። በፓርላሜንታዊው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ አመኔታ ሲያጣበትም በድምፅ ብልጫ ያነሳዋል። "ጥሩ ሠርቶ ቢጠሉትስ?" አለችኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። አንተ ነህ የመጣህብኝ።

የአሳ አስጋሪዎች ማኅበራችንን ደንብ ስናረቅ ሦስት ቀን ተከራክረናል። አንተ በእስጢፋኖስ ገዳም የነበረህን የቆሎ ተማሪነት ትተህ መረብ የያዝክ ሰው ነበርክ፤ እኔ አስተማሪ ሆኜ ከወንድሜ ጋር የአንዲት ጀልባ ተጋሪ ነበርኩ። "ሊቀመንበሩን አባላቱ በሙሉ ይምረጡት፤ ሦስት ዓመት ይሥራ፤ ክፋቱንም ደግነቱንም ያኔ ይመዝኑለታል" አልክ። እኔ ደግሞ "ሦስት ዓመት ሙሉ ቢያጠፋ ማን ይመልሰዋል? ኮሚቴው ይምረጠው፣ ኮሚቴው ያውርደው" አልኩ።

"ሙነወር፣ ወንበሩ የሚነቃነቅበት ሰው የሚያስበው ስለ ወንበሩ ነው እንጂ ስለ ሐይቁ አይደለም" አልከኝ።

የኔ አሳብ አለፈ። ዘጠኛችን ኮሚቴ ሆንን፤ ከመካከላችን አንተን ሊቀመንበር አደረግንህ።

በሁለተኛው ዓመት አሳው እየደቀቀ መጣ። በሚራባበት ሁለት ወር መረብ እንዳይጣል አገድክ፤ ኮሚቴውን ሳትጠይቅ። ለምን ስልህ "ብጠይቃችሁ እሺ ትሉ ነበር?" አልከኝ። ሐቁን ልንገርህ፣ አንልም ነበር። ሳትጠይቀን ማድረግህ ግን ልክ አልነበረም፤ ዛሬም የማምነው እንደዚያው ነው። ቢሆንም አንተን ለማውረድ በተጠራው ስብሰባ ዋዜማ፣ ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ መንገድ ላይ አግኝተኸኝ "እግዱ ራሱ ልክ ነው ወይስ አይደለም?" ብትለኝ "ልክ ነው፣ አብሽር" ብዬሃለሁ።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። ከኮሚቴው አያ ሰዑድ ተነሣና "ልጆቼ ምን ይብሉ? ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ እኔ ግን አመኔታ አጥቼበታለሁ" አለ። አመኔታ የምትለዋን ቃል ደንቡ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አራት እጅ ወጣ። ለብልጫ አንድ ጎደለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ጓደኛውን ሸፈነ እንዳይሉኝ ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። እጄን አነሣሁ።

አልተቆጣህም። ማኅተሙን ከኪስህ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና "በደንቡ መሠረት ነው" ብለህ ወጣህ። በማግስቱ ሐይቁ በመረብ ተሞላ።

ከዚያ በኋላ ባለቤትህን መስታወትን ይዘህ ወደ አገሯ አምባሰል፣ ግሸን ግርጌ ገባህ አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ውጫሌ ስደርስ ተመለስኩ። ምን ብዬ ፊትህ እቆማለሁ? ዘንድሮ አሳው መዳፍ የማይሞላ ሲሆን ደንቡን አሻሻልነው። ሊቀመንበር ማውረድ የሚሻ ተተኪውን አስቀድሞ ይሰይማል፤ ምክንያቱንም ከስብሰባው በፊት ለራሱ ለሊቀመንበሩ ይነግረዋል። በሁለቱ የመራቢያ ወራትም መረብ አይጣልም። አያ ሰዑድም ደገፈ። ይህን ወረቀት ይዤ ብመጣ አፌ ይፈታልኛል ብዬ ስዘጋጅ፣ በጉበት ሕመም ማረፍህን ሰማሁ።

ለቅሶ ስደርስ ባለቤትህ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። "ተቀይሞኝ ነው የሞተው?" አልኳት።

"እጅ በማውጣትህስ አልተቀየመም" አለች። "'ደንብ ነው፣ መብቱ ነው' ነበር የሚለው። ብቻ 'ሙነወር ይመጣል' እያለ ወደዚህ መምጣታችንን ሁለት ሳምንት አዘገየው። እቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ እንኳ ሹፌሩን 'ትንሽ ቆይ' አለው።"

ያኔ ቤቴ ከቤታችሁ አስር ደቂቃ አይሞላም ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች፤ አላነሣችብኝም።

ወንድሜ ኃይለ መስቀል፣ ስመለስ ማሳህን አየሁት። የዘራኸው ጤፍ ደርሷል፤ የሚያጭደው ግን የለም። ቅዳሜ ወንድሜንና አያ ሰዑድን ይዤ እመጣለሁ። አጭደን፣ ከምረን፣ ለመስታወት አስረክበን እንመለሳለን። ለአርባህም እገኛለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ሳይመጣ የቀረው ጓደኛህ፣
ሙነወር
ከሐይቅ