ድግጣን ያመኑት የመምህር ዘካሪያስ ኦይታ የሕይወት ታሪክ

መምህር ዘካሪያስ ኦይታ ከአባታቸው ከአቶ ኦይታ ጋልቻ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ልክነሽ ጋንታ መስከረም 1953 ዓ.ም. በዶርዜ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔም ገበሬም ነበሩ። የልጃቸው እጅ ለሽመና እንደማይፈታ ቶሎ ስለታወቀ ግን ወደ ትምህርት ቤት ላኳቸው። በጨንቻና በአርባ ምንጭ ተምረው፣ በ1976 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ተመርቀው፣ እስከ ጡረታቸው በአርባ ምንጭ አስተማሩ።

በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቂቱ ጩባ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አሮንን፣ ቤቲንና ባርኮትን ወለዱ። ወ/ሮ ወርቂቱ ባል ብቻ ሳይሆን የሥር ክምርም እንዳገቡ የተረዱት ቆይተው ነው። እኛ የወንድማቸው ልጆች እንደምናስታውሰው፣ አጎታችን ሠርግ ተጠርተው ሲሄዱ እንኳ የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ነቅለው፣ ሥሩ ላይ ያሉትን አተር የሚያካክሉ እባጮች በምላጭ ሳይሰነጥቁ አያልፉም። ውስጡ ቀይ ከሆነ ፊታቸው ይፈካል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን እየመገቡ ነው ማለት ነውና። ተማሪዎቻቸው «መምህር ሥሩ» ይሏቸው ነበር፤ ስሙን ይወዱት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው፣ አባታችን አቶ ካሱ፣ ገብስ አልሰጥ ያለውን የአያታችንን ማሳ ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት ተነሡ። ቤታችንን የሚቀልበው ያ ማሳ ብቻ ነበር። አጎታችን ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በዱቡሻ ቆመው፣ ድግጣ የተባለው የዱር ቁጥቋጦ በመስመር ቢተከልበት መሬቱ እንደሚያገግም ቃል ገቡ። በዱቡሻ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም። ችግኙን ያፈሉት ግን ከኩልፎ ወንዝ ባስመጡት፣ አጥበው ባጠሩት አሸዋ ነበር። ሥሩ የሚፈልጋቸው ባክቴሪያዎች በአሸዋው ውስጥ ስላልነበሩ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። አባታችን ተቀይመው አኮረፉ።

አጎታችን አልተደበቁም። ዱቡሻ ተመልሰው፣ «ድግጣው አልበደለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ክረምት ጨምሩልኝ» አሉ። አባታችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ፈቀዱ። በዚህኛው ዙር ከዱር ድግጣ ሥር አፈር በጆንያ ተሸክመው አምጥተው ለየችግኙ እፍኝ እፍኝ ጨመሩለት። ዓመት ሳይሞላ አባታችን ራሳቸው አንዱን ነቅለው፣ እባጩን ሰንጥቀው ቀይ ሆኖ ሲያገኙት ወንድማቸውን አቅፈው አለቀሱ። ገብሱም ቀስ እያለ ተመለሰ።

መምህር ዘካሪያስ ቁጣ የማያውቁ፣ ቀጠሮ የሚረሱ፣ ሰውን ግን የማይረሱ ሰው ነበሩ። በጣም እንወዳቸው ነበር። ላለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ምድርን በማናየው እጁ የሚመግብ አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለወ/ሮ ወርቂቱና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ታላቅ ታናሹን መቅበሩ የከበዳቸው አባታችን ዛሬ መናገር አልቻሉም። ለለቅሶው ገብስ አስጭነው መጥተዋል፤ ቆሎውን ስትቀምሱ ከዚያ ማሳ የታጨደ መሆኑን እወቁላቸው።